ከእሳት በኋላ የሚያጸዱት ልጆች፦ ዓሣ ቤቴ ክረምቱን ያለ ጭስ ሽታ አለፈ

ክረምቱ ወጣ። ሽታው አልተመለሰም። ስለነዚህ ልጆች ለመጻፍ የጠበቅሁት ይህንን ነበር።

እሳት የገባበት ቤት በበጋ ደህና ይመስላል። ግድግዳው ደርቋል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከሐይቁ ነፋስ ይገባል። የመጣው ሰው ሁሉ «ምንም አይሸትም እኮ» ይላል። ሐምሌ ሲገባና ግድግዳው እርጥበት ሲስብ ግን የተደበቀው ይወጣል። ባሕር ዳር ደግሞ እርጥበቱ ከሰማይም ከጣናም ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሐምሌንና ነሐሴን ጠበቅሁ። ጠዋት ማንም ሳይገባ ቀድሜ እየከፈትሁ አየሩን አሸት ነበር። አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ፤ ልጆቹ ሥራቸውን ያውቃሉ።

ገና ታፔላ አልሰቀሉም። ተደራጅተው፣ ንግድ ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ሆቴል ያለው ሆቴል ላለው እየነገረ ነው ሥራ የሚያገኙት። እኔም «ከእሳት በኋላ የሚያጸዱት ልጆች» ተብለው ነው የተነገሩኝ። እዚህም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

ቤቴ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ ሲወረድ ያለ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ታች ዓሣ ቤት፣ ላይ አልጋ ቤት። እሳቱ የተነሳው ሌሊት ነው፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለችው የጓሮ ዕቃ ቤት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ሶኬት ነደደ። የመርማሪዎቹ ወረቀት የሚለው ይህንን ነው። ዕቃ ቤቷ ውስጥ ዘይት፣ የፕላስቲክ ወንበርና የለስላሳ ሳጥን ነበር። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ አለፈ። የወጥ ቤቱ ኮርኒስ ችፑድ ስለነበር ወዲያው ተያያዘ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አዳራሹ ሳይነድ ደርሰው አጠፉት፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ላይ ያደሩት እንግዶች በውጭው ደረጃ ወረዱ። ሰው አልተጎዳም። ይህን ሳስብ ሌላው ሁሉ ይቀለኛል።

የነደደው የቤቱ ትንሹ ክፍል ነው። የጠቆረው ግን ቤቱ በሙሉ ነው። ጭሱ በውስጡ ደረጃ ወጥቶ፣ በየበሩ ሥር ገብቶ፣ መጨረሻ ክፍል ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ የታጠፈውን አንሶላ ሳይቀር አግኝቶታል። ቁም ሣጥኑ ዝግ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤት ባልዲና ኦሞ ይዞ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰፈር ነው ያለኝ። አንድ ቀለም ቀቢም መጣ። «እትዬ፣ ሁለት ጊዜ ነጭ ቢቀባ በሳምንት ይከፍታሉ» አለኝ። ወደ ጢስ አባይ መውጫ ፔንሲዮን ያላት ወዳጄ ይህን ስትሰማ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። የእሷ ቤት ከዓመታት በፊት በጭስ ተበላሽቶ ነበር። ቀለም አስቀባች፣ ከፈተች። ክረምት ሲመጣ ቢጫ እድፍ ቀለሙን ሰንጥቆ ወጣ፣ ሽታውም አብሮ መጣ። እንግዳ ገብቶ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ ቀለሙን ሁሉ አስፍቃ እንደገና ከዜሮ ጀመረች። ለልጆቹ ስልክ የደወለችው ራሷ ናት።

መሪያቸው ኬሚስትሪ የተማረች ወጣት ናት። ረጋ ያለች፣ ድምጿ ከፍ የማይል። ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጎረቤቶቼን ማስቆም ነበር። በአክብሮት ነው ያስቆመቻቸው። «እናቶቼ፣ እጃችሁ ይባረክ፤ ግን ግድግዳውን ውኃ እንዳይነካው» አለች። ከዚያ ለእኔ አስረዳችኝ። ጥላሸት ቅባት አለው። በእርጥብ ጨርቅ ሲፈተግ አይነሳም፣ ይለጠፋል። ወደ ቀለሙና ወደ ልስኑ ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ የሚያወጣው የለም። አንዲት ጎረቤቴ የጀመረችውን ግድግዳ አሳየችኝ። እጇ ያረፈበት ሁሉ ግራጫ ክብ ሠርቷል። ያ ክብ እስከ መጨረሻው አልለቀቀም፤ ያን ቦታ ልስኑን ፈልፍለው ነው ያደሱት።

ሁለተኛ ነገር፣ ዋናውን ብሬከር አውርዳ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀች። ፍሪጆቹን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የቡና ማሽኑን ሰክቼ ልሞክር ፈልጌ ነበር። ውስጣቸው የገባው ጥላሸት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሳይጸዳ ከበራ ያልተበላሸው ይበላሻል አለችኝ። ሽቦውን የፈተሸው ኤሌክትሪሻን ፈርሞ እስኪሰጥ ድረስ ጀነሬተር ተጠቀምን።

ሦስተኛው ብረት ነው። «ሌላው ይቆያል፣ ብረት አይቆይም» አለች። ፕላስቲክ ሲቃጠል፣ በተለይ የሽቦ ልባስና የቱቦ ፒቪሲ ሲቃጠል፣ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቃል። ያ ጋዝ ከጥላሸቱ ጋር ብረት ላይ ያርፋል። እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን መብላት ይጀምራል። በሰዓታትና በቀናት ነው የሚቆጠረው። ከሐይቅ ዳር ሆኖ ይህን መስማት ያስደነግጣል። በዚያው የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ግድግዳ ሳይነካ፣ የቡና ማሽኑን፣ የበር እጀታዎቹን፣ ማጠፊያዎቹን፣ የቧንቧ ራሶቹን፣ የአሉሚኒየም መስኮቶቹን ሁሉ አሲዱን በሚሰብር ማጽጃ ጠርገው፣ አድርቀው፣ ብረቱን ቀጭን ዘይት ቀቡት። የቡና ማሽኔ ዛሬም ይሠራል። አንድ ያልደረሱበት የብረት መደርደሪያ ነበረኝ፣ ወንበር ተደርቦበት ተረስቶ። ሳምንት ሳይሞላው በዝገት ተሸፈነ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኔ አይቻለሁ።

አዳራሹ ላይ ሌላ ጣጣ ነበር። የጎረቤት ሆቴል ዘበኞች ያን ሌሊት በደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ረድተውናል። ባይረዱን ኖሮ አዳራሹም ይሄድ ነበር። ዱቄቱ ግን ሁሉም ነገር ላይ ወርዷል። ይህም በውኃ አይታጠብም። እርጥበት ሲያገኝ እሱም ብረት ይበላል። ደርቆ እያለ በቫኪዩም መሳብ አለበት። የያዙት ቫኪዩም ደግሞ የቤት አይደለም። ሄፓ የሚባል ማጣሪያ አለው፤ 0.3 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ 99.97 በመቶ የሚይዝ። የቤት ቫኪዩም ከፊት የሳበውን ጥላሸት ከኋላ መልሶ አየር ላይ ይረጨዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ሙከራቸው። እነዚህ ልጆች ሳይሞክሩ አይጠርጉም። በየክፍሉ ጥግ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ቦታ መርጠው ይፈትሻሉ። ጭስ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ላይኞቹ ክፍሎች የደረሰው ደረቅና ዱቄት መሰል ነው፣ በቀላሉ ይነሳል። ከዕቃ ቤቷ አጠገብ ያለው የፕላስቲክና የጎማ ጭስ ስለሆነ የሚያጣብቅ ነው፣ ሲነኩት ይዘረጋል። ሦስተኛው ግን አስገረመኝ። ከእሳቱ ራቅ ያለው የወጥ ቤት ግድግዳ ንጹሕ ነበር። ነጭ ሴራሚክ፣ ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ይህን እንኳ እንተወው ብዬ ነበር። ልጅቷ ቅባት የሚያስለቅቅ ማጽጃ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጋ አንዴ ጠረገችው። ሶፍቱ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ። አሸተተችና ሰጠችኝ። ማቅለሽለሽ የሚያመጣ ሽታ ነው።

ፍሪዘር ውስጥ የነበረው ቀረሶና አምባዛ ተቃጥሎ ነው። ሥጋና ዓሣ ቀስ ብሎ ሲያር የሚተወው ጭስ ዓይን አያየውም። እንደ ስስ ቫርኒሽ ይለጠፋል። ከሁሉም የከፋው ሽታ ያለው እሱ ነው። የአልጋ ቤት ጽዳት የለመደ ሰው በዓይኑ አይቶ ያልፈዋል። ዓሣ ቤት ያላችሁ፣ ሥጋ ቤት ያላችሁ ይህንን ያዙልኝ። የጠቆረው ግድግዳ ሳይሆን ንጹሕ የሚመስለው ነበር ቤቴን ሊያገማው የነበረው።

ቀጥሎ የቤቱ አጥንት ታየ። ይህን ራሳቸው አያደርጉትም፣ ሲቪል መሐንዲስ ይዘው ይመጣሉ፤ ሒሳቡም ለብቻ ነው። መሐንዲሱ ዕቃ ቤቷ በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ ያየው መስኮቷን ነው። አሉሚኒየሙ ቀልጦ መሬት ላይ ረግቷል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው ወደ 660 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ስለዚህ እዚያች ክፍል ውስጥ ወደዚያ የሚጠጋ ሙቀት ነበር። ብረት ደግሞ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል። የዕቃ ቤቷን የጣሪያ ብረት ከዚያ በላይ አልመረመረውም፤ ይውረድ አለ። የወጥ ቤቱ መስኮት ግን ጠቁሯል እንጂ አልቀለጠም። እዚያ ልስኑን ፈልፍሎ ኮንክሪቱን አየው። ኮንክሪት 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ያደላል። በመዶሻ እየመታ አዳመጠ። ከሁለቱ ክፍሎች መሐል ካለው በር በላይ ያለችው አግድም ቢም ሮዝ ሆናለች፣ ስትመታም ባዶ ድምፅ ትሰጣለች። እሷ ፈርሳ ተሠራች። ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ኮንክሪት ወለል፣ ደህና ነው ብሎ ፈረመ። ይህ ፊርማ ፎቅ ላይ ለሚተኛው እንግዳ ነው። ያለሱ አልከፍትም ነበር።

ስለ መጣል ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ተጨቃጭቀናል።

የዓመት በርበሬዬ ነበረ። የቡሬ በርበሬ፣ ራሴ የለቀምሁት፣ ያደረቅሁት፣ ያስፈጨሁት። በክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ነው ያለው። እሳት አልነካውም። ሽሮም፣ ጤፍም፣ ቡናም እንዲሁ። ልጅቷ ሁሉንም «ይጣል» አለች።

«ልጄ፣ ይህ እኮ የቤቴ ጣዕም ነው» አልኋት።

«ገብቶኛል እትዬ። ግን ለእንግዳ ሊያቀርቡት አይችሉም። ዱቄትና ቅመም ጭስ ይጠጣል። ጭሱ ደግሞ የፕላስቲክ ነው።»

«ለከብት ልስጠው?»

«ለከብትም አይሆንም።»

ብዙ ተከራክራ አላሳዘነችኝም። ከመሐል ትንሽ በማንኪያ አውጥታ በሙቅ ውኃ በጥብጣ አስሸተተችኝ። ከበርበሬው ሽታ ሥር የተቃጠለ ሽቦ አለ። አስጣልሁት። በጠመዝማዛና በቆርኪ የተዘጉ ጠርሙሶችም ሄዱ፤ ክዳኑ ሥር የገባውን ማጽዳት አይቻልም። ያላበጠና ያልተሰነጠቀ የታሸገ ጣሳ ብቻ ታጥቦ ተረፈ። የስፖንጅ ፍራሾቹ ሁሉ ተጣሉ። አንሶላና መጋረጃው ደጋግሞ ታጥቦ ዳነ፣ ከጥቂቶቹ በቀር። የዋንዛ በሮቼን ግን አዳኑልኝ። ጥላሸቱን አንስተው፣ ላይ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ እንደገና ቫርኒሽ ቀቧቸው። አዲስ በር ከፋብሪካ ቢገዛ ይረክሳል የሚል ሰው ነበር። እንዲያ ያለ ዋንዛ ግን ዛሬ የት ይገኛል?

የሚጣለው ሁሉ ከመጣሉ በፊት ፎቶ ተነስቷል፣ ተቆጥሯል፣ ተጽፏል። ኢንሹራንስ ያላችሁ ይህን አትርሱ። የእሳትና መብረቅ ውል ነበረኝ። የኩባንያው ገማች መጥቶ ሳያይ የተጣለ ዕቃ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ የተበላሸውን ከጓሮ በሸራ ሸፍነው አቆዩት። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ልጆቹ ባይሆንም ይጠቅማል። ቤታችሁ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋና ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ይቀራረቡ። ውሉ ላይ የተጻፈው የቤቱን ግማሽ ከሆነ፣ ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም ካሳው በዚያው ልክ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እንዴት እንደሄደ የምታውቁት ነው። ውል ሲታደስ ዋጋውንም አሳድሱ።

ጽዳቱ ራሱ ከሳምንት በላይ ወሰደ። መጀመሪያ ቫኪዩም። ቀጥሎ ደረቅ የጎማ ስፖንጅ፣ ላጲስ እርሳስን እንደሚያነሳው ጥላሸቱን የሚያነሳ። ያለ ውኃ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ ይሳባል፤ አይፈተግም። ሲጠቁር ላዩ ተቆርጦ ይጣልና በአዲሱ ፊት ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ ነው እርጥቡ የሚመጣው። እርጥቡን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያጥቡት። ይህን ሳይ ተቃወምሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ከላይ ነው የማጥበው። ቆሻሻ ውኃ በደረቅና ባልታጠበ ግድግዳ ላይ ሲወርድ የማይለቅ መስመር ይሠራል፤ ታጥቦ በረጠበው ላይ ሲወርድ ግን ምንም አይተው። አንድ ጥግ ላይ ሁለቱንም አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው።

ሌላ ሰው የሚያልፈውን ቦታ አላለፉም። ላይ ያለውን ኮርኒስ ከፍተው ከቆርቆሮው ሥር ገቡ። እዚያ ያለውን ጥላሸት ከታች ማንም አያየውም፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ግን ሽታው ወደ ክፍል ይወርዳል። የየሶኬቱን ክዳን ፈትተው ውስጡን ጠረጉ። የቁም ሣጥን ጀርባ፣ የመሳቢያ ሥር፣ የመጋረጃ ዘንግ ውስጥ ሳይቀር። ማስክና ጓንት ሳያደርግ የሚገባ ሰው አይፈቅዱም። ለእኔም አልፈቀዱም።

ከዚያ የእሳት አደጋ ውኃ የጠጣው የታችኛው ግድግዳ እስኪደርቅ ጠበቁ። እርጥብ ቤት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሻጋታ ሊጀምር ስለሚችል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትልልቅ ማራገቢያ ነበር የተከሉት። ጊዜው ሚያዝያ መሆኑ ረዳን።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሽታና እድፍ የሚያፍን ፕራይመር አለ። ላክ ከሚባል ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የሚሠራ ነው፣ በአልኮል የሚቀጥን፤ ተራ የውኃ ቀለም ያን አይተካም። የወዳጄን ቤት ያበላሸው የዚህ መጉደል ነው። ከተማው ውስጥ ስላጡት ከአዲስ አበባ አስመጡት። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ብዙ ቆየ። እኔ ለሠራተኞች ደመወዝ እየከፈልሁ በር ዘግቼ ነው የጠበቅሁት። ይህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ዋናውን ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ነግሬያቸዋለሁ፤ ተቀብለውኛል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ኦዞን የሚባል ጋዝ የሚለቀው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ጥሩ ነው። የቀረውን ሽታ አየር ውስጥም ጨርቅ ውስጥም ያጠፋል። ነገር ግን ሲሠራ ቤቱ ውስጥ ሰውም፣ ድመትም፣ አበባም መኖር የለበትም፤ ኦዞን ሳንባ ይጎዳል፣ ጎማም ያደርቃል። ካበቃ በኋላ ቤቱ በደንብ መናፈስ አለበት። ይህን በሥነ ሥርዓት አድርገዋል፤ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፈው አንድ ልጅ አስጠብቀዋል። ቅሬታዬ መብራት በሄደ ቁጥር በጀነሬተር መሥራታቸውና ነዳጁን በመጨረሻ ሒሳቡ ላይ መጨመራቸው ነው። ውሉ ላይ አልነበረም። ባሕር ዳር ውስጥ መብራት እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። ከመጀመሪያው መጻፍ ነበረበት። ተነጋግረን ግማሹን ተዉልኝ።

አንድ ነገር ግን ለመሪያቸው ክብር ልናገር። ማሽኑን መጀመሪያ አላመጣችውም። አንዳንድ ሰው ማሽን አብርቶ፣ ሽታ ገድሎ፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል አለችኝ። ጥላሸቱ ግድግዳው ላይ እያለ ኦዞን ቢበራ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። ጽዳቱ ካላለቀ ማሽኑ ከመኪናዋ አይወርድም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ የቤቱ ደረጃ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ላስቲክ ሳያነጥፉ ወጡ፣ ወረዱ። በጫማቸው የተሸከሙት ጥላሸት የሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ገባ። በኋላ ደጋግመው አጽድተውታል፤ ታችኞቹ ደረጃዎች ላይ ያለው መስመር ግን እስካሁን ጠቆር ያለ ነው። እንግዳ ላያስተውለው ይችላል። እኔ ጠዋት ጠዋት ስወጣ አየዋለሁ።

ወረቀታቸውም መሻሻል አለበት። የሰጡኝ ፕሮፎርማ አንድ ድምር ብቻ ነበር። ኢንሹራንሱ ክፍል በክፍል፣ ሥራ በሥራ ተዘርዝሮ ካልመጣ አይቀበልም። ተመልሶ እስኪጻፍ ጊዜ ሄደ። ደረሰኛቸው ግን ሕጋዊ ነው፤ በዚህ አላስቸገሩኝም።

ዋጋ። ቀለም ቀቢው ከጠየቀኝ እጥፍ ይበልጣል፣ የመሐንዲሱን ሳይጨምር። ውድ ነው። ከፋፍለው ይቀበላሉ፤ ቀብድ፣ ጽዳቱ ሲያልቅ፣ ቀሪው ደግሞ ቤቱ ተዘግቶ ካደረ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ አሽትቶ ሲረካ። ይህን የመጨረሻውን እነሱ ናቸው ያመጡት እንጂ እኔ አልጠየቅሁም። ሌሊቱን ዘግተነው ጠዋት እኔ፣ ወዳጄና የወጥ ቤት ኃላፊዬ ገባን። ላይኛው መጨረሻ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ትንሽ አገኘን። ቀሪ ሒሳብ ሳይጠይቁ ቁም ሣጥኑን ፈትተው ወስደው እንደገና ሠሩት።

ለማን ይሆናሉ? ቤቱ ቆሞ ጭስ ለበላው ሰው። ሆቴል፣ ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ መጋዘን። ቤቱ ራሱ የነደደበት ሰው ኮንትራክተር ይፈልግ፤ እነሱም ይህንኑ ይነግሩታል። የእኔን ዕቃ ቤት «የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው ነው የተዉት። አንዲት ግድግዳ ብቻ ለጠቆረችበት ደግሞ ይህን ሁሉ ማሽን ማስመጣት አያስፈልገውም። ሳይነካ ጠርቷቸው ቢያዩለት ይበቃዋል። ለማየት ገንዘብ አይጠይቁም፣ ከተማው ውስጥ ከሆነ።

እነሱን የምትጠሩ ከሆነ በዚያው በእሳቱ ቀን ጥሯቸው። ብረቱ አይጠብቅም። እስኪመጡ በር ዝጉ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ባልዲ የያዘውን ሰው ቡና አፍልታችሁ አስቀምጡት። ውሉ ላይ ነዳጁ የማን እንደሆነ አስጽፉ። ፕራይመሩ እጃቸው ላይ እንዳለ ጠይቁ። ደረጃችሁ ላይ ላስቲክ ሳይነጠፍ ማንም እንዳይወጣ።

በቅርቡ አንድ አዲስ ሥራ ጀምረዋል፤ ከወጥ ቤት ምድጃ በላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ ቱቦ ማጽዳት። ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው የዘይት ቅባት ከታች አንድ ነበልባል ካገኘ እስከ ጣሪያ የሚነድ ነው። የእኔን ከፍተው ሲያሳዩኝ የጣት ውፍረት ያለው ቅባት ነበረበት። ጥምቀት ሳይደርስ፣ ከተማው በእንግዳ ሳይሞላ እንዲጨርሱልኝ ቀብድ ሰጥቻለሁ። ላስቲኩን ራሴ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።